ሦስተኛዋ ወፍ

የዋሻ ሜዳ ሰው ሌባውን ሊፈልግ አልተሰበሰበም፤ ሌባ ቢባል ማንም የማይቆጣለትን ሰው ሊፈልግ ነው የተሰበሰበው። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው መሐላም፣ የዳኞቹ ጋቢም፣ የመምሬ ገብረየሱስ መስቀልም ይህንኑ ለማሳመር የተደረገ ነው።

የጠፋው የውኃ ፓምፕ እጀታ ነበር። ከእጀታው ጋር ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው የብረት ዘንግም ተነቅሏል። ፓምፑን አንድ ድርጅት መጥቶ ከተከለው ገና ሁለት ክረምት ማለፉ ነው። ከዚያ በፊት ሴቶቹ ገደል ወርደው ነበር የሚቀዱት፤ አሁንም እንስራቸውን አዝለው ወደ ገደሉ ተመለሱ። ወረዳው አንድ ፖሊስ ላከ። ፖሊሱ መጣ፣ ጉድጓዱን አጎንብሶ አየ፣ የቀረበለትን ጠላ ጠጣና ሄደ። ሌባው ሳይገኝ ሌላ እጀታ አይሰጥም የሚል መልእክትም ተከትሎ መጣ። ይታየው የሚባለው የቀበሌው ሊቀመንበር ያን ጊዜ ሕዝቡ አውጫጭኝ ይቀመጥ አለ። ሕዝብ በራሱ ባህል ችግሩን ሲፈታ መልካም አስተዳደር ሰፈነ ማለት ነው ብሎ በስብሰባ ላይ ተናገረ፤ ያጨበጨበለትም ነበር።

ሳሌም ይህን የሰማችው ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ከመሐል ሜዳ ከተማ በመጣች ማግሥት ነው። እዚያ ሥነ ዜጋ ታስተምራለች። አውጫጭኝ የሚባለውን ነገር ከአያቷ ወግ በቀር አታውቀውም፤ ከአያቷ ጋር የተቀበረ መስሏት ነበር። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ሌባው እስኪወጣ ማንም አያርስም፣ ማንም አይወቃም፣ ማንም ወደ ገበያ አይሄድም። ሦስት ዳኞች ይሰየማሉ። እያንዳንዱ ዳኛ ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው በስውር ይመርጣል፤ ይህ ሰው ወፍ ይባላል። ወፉ ያየውንና የሰማውን ለመረጠው ዳኛ በጆሮው ይነግረዋል፤ ዳኛው ደግሞ “ወፍ ነገረኝ” ብሎ ለሕዝቡ ያወጣዋል። ሦስቱም ወፎች አንድ ስም ካልጠሩ ማንም ሰው አይነካም። ወፉ ወፍ መሆኑን እስከ ዕለተ ሞቱ ለማንም አይተነፍስም። ከተነፈሰ የሌባውን ቅጣት እሱ ይቀበላል።

ከሦስቱ ዳኞች አንዱ አባቷ ጋሽ አባይነህ ናቸው። ሌሎቹ መምሬ ገብረየሱስና ሊቀመንበሩ ናቸው። አውጫጭኙ በሚቀመጥበት ቀን ጠዋት ሳሌም በረቱ አጠገብ ፊቷን ስትታጠብ አባቷ የአንዲት በግ ኮቴ ይዘው ጭቃውን በእንጨት ይፍቁ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ ከወፎቹ አንዷ ሴት ትሁን የሚል መመሪያ ከወረዳ መጥቷልና እሷን መርጫለሁ አሏት።

ሳሌም ፊቷ ላይ ያለውን ውኃ ሳትጠርግ ሳቀች።

“ለወፍም ኮታ ወጣ?”

“ወጣ።”

“ደመወዝስ አለው?”

“አፍን መዝጋት ነው ደመወዙ” አሉና በጓን ለቀቋት።

እምቢ ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ከሦስቱ ወፎች ቢያንስ አንዷ አትዋሽም ብላ አሰበች፤ ደግሞም ነገሩ አጓጓት። ዩኒቨርሲቲ ሳለች የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ፍለጋ ስንት ቀን እንደባከነች ትዝ አላት። የበረቱን ማገር ይዛ፣ አባቷ ቃል በቃል እያስባሏት ማለች። ያየሁትን ብደብቅ፣ ያላየሁትን ብጨምር፣ ወፍ መሆኔን ብናገር፣ ዘሬ እንደ ጉም ይብነን።

ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀመጠ። ወንዶቹ ስለ ገብሱ ነበር የሚያወሩት፤ አውድማው ላይ ተከምሮ የቀረው ሳይወቃ ዝናብ ቢመጣስ እያሉ። ሴቶቹ የበግ ጠጉር ይፈትሉ ነበር። የላይ ቤት ሰዎች ከላይ፣ የታች ቤት ሰዎች ከታች ተቀምጠው መሐላቸው ላይ ሰው ያልተቀመጠበት የሣር መንገድ ቀረ። ፓምፑ የተተከለው በሁለቱ መንደሮች ድንበር ላይ ነው። ሁሉም አንዱ ሌላውን ይጠረጥራል፤ ማንም ግን ጮክ ብሎ አልተናገረም። በዚያ ድንበር ሳሌም ልጅ ሳለች ሰው ሞቶበታል።

ፀሐይ ዘንበል ስትል አንድ ወሬ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይመላለስ ጀመር። የሣሩን መንገድ ያለ ችግር ተሻገረ። የጠፋው ብረት ነው። ብረት የሚያውቅ ማን ነው? ሁሉም አንገቱን አዙሮ ወደ ዳር ተመለከተ።

ዳር ላይ፣ ነፋስ በሚመታው ድንጋይ ላይ፣ ጌታነሽ ብቻዋን ተቀምጣለች። ባሏ ኃይለ ኢየሱስ የመንደሩን ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ እሷ ሸክላ እየሠራች ቀየት በሚባለው ገበያ ትሸጣለች። በዋሻ ሜዳ ያለ ገንቦና ድስት ሁሉ ከእጇ የወጣ ነው፤ ቤቷ ገብቶ ውኃ የጠጣ ሰው ግን የለም። ሠርግ ላይ ለብቻዋ ነው የሚቀርብላት። እናቶች እሷ ስታልፍ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት ሆና ከሕፃን እስከ ሽማግሌ “አንቺ” ነው የሚላት። ሳሌምም እንደዚያው ነበር የምትላት፤ አስባበትም አታውቅም።

ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ ሳሌም ለአባቷ ያየችውን ነገረች። ምንም አላየሁም፣ ምንም አልሰማሁም አለች። የሰማሁት ሰው ጌታነሽን ሲያማ ነው፤ ሐሜት ደግሞ ማየት አይደለም አለች። አባቷ እሺ አሉ። እንደማይጨምሩበት ልታረጋግጥ ደግማ ተናገረች። ደግመው እሺ አሉ።

ቅዳሜ ዕለት ጋሽ አባይነህ ከሕዝቡ ፊት ቆሙ። ድምፃቸው ሳይጮኹ ዳር ድረስ ይሰማል፤ ዳኛ የሚያደርጓቸውም ለዚህ ነው።

“ወፍ ነገረኝ” አሉ። “ሦስቱም ወፎች የጠሩት አንድ ስም ነው። ጌታነሽ ናት።”

ሳሌም ወደ አባቷ ተመለከተች። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ፣ ሌላ ወፍ መርጠው ይሆናል የሚል ነበር። ሌላ ወፍ ግን አይመረጥም፤ ለአንድ ዳኛ አንድ ወፍ ነው። አባቷ ወደ እሷ አልተመለከቱም። ወደ እሷ አለመመልከታቸው ከንግግራቸው ይልቅ ነገሩን አረጋገጠላት።

ሊቀመንበሩ ቅጣቱን አነበነበ። ጌታነሽ እጀታውንና ዘንጉን እስከ ነገ ትመልስ። ካልመለሰች ነገ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ገብረየሱስ ያወግዟታል። ከዚያ በኋላ እሳት የሚጭርላት፣ ውኃ የሚያቀብላት፣ እህል የሚፈጭላት፣ ሸክላዋን የሚገዛት አይኖርም። ብትሞት የሚቀብራት አይኖርም።

ጌታነሽ ከድንጋዩ ላይ ቀስ ብላ ተነሳች። የቀሚሷን ጫፍ አራገፈች።

“ፓምፑ ተነቅሏል” አለች። “ከየትኛው ውኃ ነው የምትከለክሉኝ?”

ከታች ቤት በኩል አንድ ሁለት ሰዎች ሳቃቸው አመለጣቸው። ይታየው ብረቱን የት እንዳደረገችው ብቻ እንድትናገር አዘዛት።

“ባሌ ከሞተ ጀምሮ ወናፉን አይጥ በልቶታል። ብረቱን ቀጠቀጥሽው የምትሉኝ በምን እሳት ነው? ወይስ ሸክላ ውስጥ ከጭቃ ጋር አቦካዋለሁ?” ዞር ብላ ሕዝቡን አየች። “ወፎቹን አምጡልኝና ፊት ለፊት ይንገሩኝ።”

ወፍ አይጠየቅም ተባለች። እስቲ አይጠየቅ ብላ፣ መንገዷን ከሚለቁላት ሰዎች መሐል አልፋ ወደ ቤቷ ሄደች። ሳሌም አልተነሳችም። ይህን በኋላም ለራሷ አላሳመረችውም።

ቤት ሲደርሱ ግን አላስቀመጠቻቸውም። አባቷ መደቡ ላይ አረፍ ከማለታቸው ፊታቸው ቆመች። እናቷ እታገኝ ጥግ ላይ እንዝርቷን እያሾረች ነበር።

“ምን ነበር ያልኩዎ?”

“ምንም አላየሁም ነው ያልሽኝ።”

“ታዲያ?”

ጋሽ አባይነህ የሚዋሹ ሰው አይደሉም፤ በዚያች ሜዳ ላይ የዋሹትም ምናልባት በሕይወታቸው የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ልጃቸውንም አልዋሿትም። የመምሬ ወፍ ጌታነሽን ጠራት አሉ። የይታየውም ወፍ ጠራት። ያንቺ ብቻ ቀረ። አንቺ አልጠራሁም ካልሽ አውጫጭኙ ይቀጥላል፤ ከቀጠለ ገብሱ አውድማ ላይ ይበሰብሳል፤ ከዚያ ደግሞ ከላይ ቤት ወይ ከታች ቤት አንድ ስም ይጠራል። ስሙ በተጠራ ማግሥት ጠመንጃ ይወጣል።

“ወንድሜን ከዚያ ድንበር ላይ በቃሬዛ ያነሳሁት እኔ ነኝ” አሉ። “አንጀቱን በጋቢዬ አስሬ። አንቺ ልጅ ነበርሽ፣ አታስታውሺም።”

“አስታውሳለሁ። ጌታነሽ ግን ምን አደረገች?”

“ምንም አላደረገች ይሆናል።”

“ይሆናል?”

“ለጌታነሽ ጠመንጃ የሚያነሳ የለም” አሉ አባቷ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ወንድም የላት፣ ልጅ የላት። አንድ ሰው ይከፋዋል፣ አገር ግን ያድራል።”

ሳሌም ይህን ስትሰማ የምትጮህ መስሏት ነበር። አልጮኸችም። ክፍል ውስጥ ተማሪ የተሳሳተ መልስ ሲሰጣት እንደምታደርገው መልሱን ደግማ አስባለቻቸው።

“ማንም ስለሌላት ነው የመረጣችኋት?”

“አዎ” አሉ። “ለዚህ ነው።”

“ሌባውን ያውቁታል?”

“አላውቀውም። ማወቅም አልፈልግም።”

እናቷ እንዝርቱን አቆመች። “የወፍ መሐላ ነው ያለብሽ” አለች፣ ቀና ሳትል። “ብትናገሪ ቅጣቱ ወደ አንቺ ይዞራል። ሥራሽም አለ፣ ገና ትዳርም አለ። አስቢበት።” እንዝርቱ እንደገና ሾረ።

ሳሌም ነጠላዋን አንስታ ወጣች። የጌታነሽ ቤት ከመንደሩ ተለይቶ ጭቃ ከሚቆፈርበት ቁልቁለት አጠገብ ነው። ደጁ ላይ ያልተተኮሱ ድስቶች በሰልፍ ተደርድረዋል። ጌታነሽ የአንዱን አፍ በእርጥብ ጨርቅ ታለሰልሳለች። እንግዳ ስታይ አልተነሳችም።

“እትዬ ጌታነሽ፣ እንደምን ዋሉ?”

ጌታነሽ እጇን ሳታቆም ቀና አለች። “ዛሬ ነው እርስዎ የሆንኩት? መወገዝ ይህን ያህል የሚያስከብር ከሆነ ቀደም ብዬ በሰረቅኩ።”

“የጠሩዎት ሦስቱም ወፎች አይደሉም” አለች ሳሌም።

“አንቺ በምን አወቅሽ?”

ሳሌም ዓይኗን ወደ ድስቶቹ አዞረች። ጌታነሽ ጨርቁን ውኃ ውስጥ ነከረች፣ ጨመቀች፣ ከዚያ ረጋ ብላ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ወፍ መሆኗ ገብቷታል።

“ልትናገሪ ነው?”

“እያሰብኩ ነው።”

“እንግዲያው ቤትሽ ሄደሽ አስቢ። እኔ የሰው ኀዘኔታ አላስቀምጥም፣ ቦታ የለኝም። ትናገሪ እንደሆን ነገ ተናገሪ። አትናገሪ እንደሆን ብርሃኔን አትከልክይኝ፤ ጭቃዬ ሳይደርቅ ልጨርስ።”

ሳሌም ተቆጥታ ተመለሰች። መንገድ ላይ ስታስበው የተቆጣችው በጌታነሽ አልነበረም። ጌታነሽ የጠየቀችው ሁለት መልስ ያለው ጥያቄ ነው፤ እሷ ደግሞ ሦስተኛ መልስ ስትፈልግ ነበር።

በማግሥቱ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመ። ጌታነሽ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ በር ውጭ፣ እንደ ልማዷ፣ ብቻዋን ነበረች። እጀታው አልተመለሰም። መምሬ ገብረየሱስ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው “በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ” ብለው ሲጀምሩ ሳሌም ከሴቶቹ በኩል ወጥታ መሐል ላይ ቆመች።

“መምሬ፣ ይቆዩ። እኔ ወፍ ነበርኩ።”

ጫጫታ አልተነሳም። ከግንቡ ማዶ የሚግጡት በጎች ሣር ሲነጩ ይሰማል። ሳሌም ድምፅዋን ከፍ አደረገች። አባቷ እንደመረጧት፣ ምንም አላየሁም ብላ እንደነገረቻቸው፣ የጌታነሽን ስም እንዳልጠራች ተናገረች። “ሁለት ወፍ ጠርቶ ይሆናል። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፣ እኔ አልጠራሁም። ሦስቱ ካልጠሩ ሰው አይነካም የተባለው በእናንተው ሥርዓት ነው፤ እኔ አላወጣሁትም።”

መጀመሪያ የተናገረው ይታየው ነው። መምህርቷ የሕዝቡን ባህል እያፈረሰች ነው፣ ይህ ፀረ ልማት አቋም ነው፣ ለሚያሠራት መሥሪያ ቤትም እናሳውቃለን አለ።

“ፓምፑን የነቀለው ነው ፀረ ልማት” አለች። “እሱንም አሳውቁልኝ።”

ከሴቶቹ መሐል አንዷ ሳቀች፤ ባሏ ዞር ብሎ ሲያያት አፏን በነጠላዋ ያዘች። መምሬ ገብረየሱስ መስቀሉን ሳያወርዱ ወደ ዳኛው ዞሩ። ልጅዎ የምትለው እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ጋሽ አባይነህ መሬት መሬቱን እያዩ፣ “ወፍ አይታወቅም” አሉ።

“ሌላ ነገር አልጠይቅም” አለች ሳሌም። “አባዬ፣ መስቀሉን ይዘው ሴት ልጄ ጌታነሽን ጠርታለች ብለው ይማሉልኝ። ከማሉ እኔ ውሸታም ነኝ፤ አሁኑኑ ልወገዝ።”

መምሬ መስቀሉን ወደ ጋሽ አባይነህ ዘረጉት። እጃቸው አልተነሳም። እንዲያ ቆመው ሳሉ መምሬ መስቀሉን ቀስ ብለው አወረዱት። የአባይነህን ቃል ሳልሰማ አላወግዝም፤ ለሚመጣው እሑድ ይደር አሉ። ከግንቡ ውጭ ጌታነሽ ስትሄድ ማንንም ዞር ብላ አላየችም። ሳሌምንም ጭምር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት አባቷ የተናገሩትን ይመስል ነበር፤ ሳሌም ይህን አልካደችም። የታች ቤት ወንዶች ጠመንጃ ታጥቀው አውድማ ላይ ወጡ። የላይ ቤት ሰዎች ከብቶቻቸውን ከድንበሩ አራቁ። የፓምፑን ነገር ትናንት በሐሜት ያወሩ የነበሩ ሁሉ ዛሬ ዝም አሉ፤ ምክንያቱም አሁን አንድ ስም መጥራት የሚያስከፍል ሆነ። ሰላምታ የሚሰጣት ጠፋ። አብረዋት ያደጉት ሴቶች ወደ ገደሉ ሲወርዱ መንገድ ቀየሩባት። አንድ ቀን እንስራዋን ተሸክማ ስትመለስ ከኋላዋ አንድ ሰው እንደ ወፍ አፏጨ። ዞራ አላየችም። ገደሉን ስትወጣ ግን ያ ፉጨት አጠገቧ ያለ ይመስል ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች መጥተው ከአባቷ ጋር ውጭ ተቀመጡ። ሲሄዱ ጋሽ አባይነህ አንድ ድንጋይ ይዘው ገቡና የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጡት። ጠፍጣፋ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ነው። ሳሌም ምን እንደሆነ ወዲያው አወቀች። የበደለ ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ይቅርታ ሲጠይቅ ያላየ የአገሩ ልጅ የለም።

አባቷ የተስማሙበትን ነገሯት። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይህን ተሸክማ ትቀርባለች። ወፍ አልነበርኩም፣ ለአንዲት ባልቴት አዝኜ የተናገርኩት ነው ትላለች። ሕዝቡ ይቅር ይላታል፤ ይታየውም ስለ ሥራዋ ለማንም አይናገርም።

“ጌታነሽስ?”

“የጌታነሽ ነገር እንደተባለው ይሆናል።”

“እንዲያስ ከሆነ ድንጋዩን ቀለል ያለ በመረጥክላት” አለች እታገኝ ከጥጓ። እያሾፈች ይሁን እያዘነች አይታወቅም ነበር።

ሳሌም ተነስታ ቦርሳዋን ማዘጋጀት ጀመረች። ሁለት ቀሚስ፣ ሹራቧ፣ የምታርመው የተማሪ ፈተና። አባቷ የት ነው የምትሄጂው አሉ።

“ጌታነሽ ዘንድ። ዛሬ እዚያ አድራለሁ። ነገ ከግንቡ ውጭ ከእሷ ጋር እቆማለሁ። መምሬ መስቀላቸውን የሚያነሱ ከሆነ ለሁለታችንም አንድ ላይ ያንሱት፣ ድካም ይቀንስላቸዋል።”

“የቀጥቃጭ ቤት ልታድሪ?”

“ድስታችሁ ከዚያ ቤት ነው የመጣ። በየቀኑ እንበላበታለን፤ እስከ ዛሬ የሞተ የለም።”

ጋሽ አባይነህ ተነሱ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ሲቆሙ ቤቱ ይጠባል። ተቆጥተው አልነበረም። ፊታቸው የፈራ ሰው ፊት ነበር፣ ሳሌም ይህን ስታይ ለአንድ አፍታ ልቧ ሊከዳት ነበር።

“ደም ቢፈስስ?” አሉ። “ነገ እዚያ ድንበር ላይ ሰው ቢወድቅ፣ አንቺ ምን ትያለሽ? ያነሳሁት እኔ ነኝ እያልኩሽ ነው።”

“የገደለው ገዳይ ነው እላለሁ። ፓምፑን የነቀለው ሌባ ነው እላለሁ። ጠመንጃ ያለውን እየፈራን ጠመንጃ የሌላትን ስንቀጣ ሰላም አይባልም፣ አባዬ። እርስዎ ዳኛ ነዎት። ሄደው የታጠቁትን ያናግሩ።”

“አይሰሙኝም።”

“እሷን የቀጡት ስለምትሰማዎ ነው እንግዲህ።”

አባቷ መሐላውን አነሱባት፤ ዘርሽ እንደ ጉም ይብነን ብለሽ ምለሻል አሏት።

“ሦስት ነገር ነው የማልኩት። ያላየሁትን ብጨምር ብያለሁ፤ እሱን እርስዎ በእኔ ስም አፈረሱት። እኔ ደግሞ ወፍነቴን ተናገርኩ። ሁለታችንም አፍርሰናል። ልዩነቱ እኔ ያፈረስኩት ሰው ፊት ነው።”

ቦርሳዋን በትከሻዋ አንጠለጠለች። እናቷ ሳትነሳ፣ ማታ ማታ ቁር ነው፣ ባናውን ውሰጂ አለች። ሳሌም የበግ ጠጉር ብርድ ልብሱን ከመደቡ ላይ ወሰደች።

“ከዚህ በር ከወጣሽ…” አሉ ጋሽ አባይነህ።

ሳሌም ደፉ ላይ ቆማ እስኪጨርሱ ጠበቀች። የምር ነበር የጠበቀችው፤ መስማት ፈልጋለች። አባቷ ግን አልጨረሱም። ዓረፍተ ነገሩን የሚጨርሱበት ቃል ደጀ ሰላሙ ላይ እንደ ቀረው መሐላ ሳይወጣ ቀረ።

ድንጋዩን ተራምዳ ወጣች። ከውጭ ሆና በሩን ስትገፋ አልገጥም አለ፤ ድንጋዩ ይዞታል። ጎንበስ አላለችም። በእግሯ ወደ ውስጥ፣ ወደ አባቷ በኩል፣ ገፋችውና በሩን ዘጋችው።